ሥራን መቅረጽ፣ ባለሙያን ማሳደግ፦ ከጋፋት እስከ አጥቢያችን ምንጭ

(በደብረ ታቦር ለአጥቢያ የልማት ኮሚቴዎችና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ስለ ምህንድስና ሥራ አመራር እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ፣ ይህ የዩኒቨርሲቲ እንጂ የደጀ ሰላም ጉዳይ ነውን? የሚል ጥያቄ በልባችን ተመላልሶ ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩን ስናጤነው፣ ምንጭ ያጎለበተ፣ ቧንቧ የዘረጋ፣ ወፍጮ የተከለ ወይም አዳራሽ ያስገነባ አጥቢያ ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የምህንድስና ሥራ አስተዳዳሪ ሆኗል። ድንጋዩንና ሲሚንቶውን ብቻ አይደለም የተረከበው፤ ያንን ሥራ በሕይወት የሚያቆየውን ሰው ጭምር ነው። ዛሬ የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፦ የሚጠብቀውን ሰው ሥራ ሳንቀርጽ፣ ነገ የሚደርስበትንም ደረጃ ሳናሳየው የምናስመርቀው ግንባታ ዕድሜው አጭር ነው።

በመጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት እንናገር።

የጉና ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4 ሺህ ሜትር የሚበልጥ ከፍታ እንዳለው፣ ርብና ጉማራም ከእርሱ እንደሚነሡ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚያ ተራራ ግርጌ በምትገኝ አንዲት አጥቢያ ከጥቂት ዓመታት በፊት ምንጭ አጎልብተን፣ ውኃውን ወደ አራት ቦኖዎች አወረድን። በምረቃው ዕለት ጸሎት ተደረሰ፣ እልልታው ቀለጠ፣ እናቶች እንስራቸውን አስቀምጠው መረቁን። በፕሮጀክቱ ሰነድ ላይ ስለ ጥገና የጻፍነው ግን አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «አንድ የጥገና ሠራተኛ ይመደባል» የሚል። የተመደበውም በግንባታው ወቅት ቧንቧ እየተሸከመ፣ ሥራውን በዓይኑ ያጠና ብርቱ ወጣት ነበር። ሦስት ቀን አሠለጠንነው፤ ሁለት መፍቻ ሰጠነው፤ እኛም ወደ ቀጣዩ ፕሮጀክት ሄድን።

በሦስተኛው ዓመት ወጣቱ አገር ለቅቆ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ በማጠራቀሚያው በር ላይ ያለ አንድ መዝጊያ ተበላሸ። የመለዋወጫው ዋጋ ከባድ አልነበረም፤ የሚገጥመው ሰው ግን አልተገኘም። እናቶችና ልጃገረዶች አራት ወር ሙሉ ወደ ወንዙ ተመለሱ። ኮሚቴው ተሰብስቦ «ልጁ ከዳን» አለ፤ እኛም ከሪፖርታችን ላይ «የማኅበረሰቡ የባለቤትነት ስሜት ዝቅተኛ መሆን» ብለን ጻፍን። ሁለቱም ፍርድ ትክክል አልነበረም።

ያንን ወጣት በኋላ ባሕር ዳር በአንድ ግንባታ ላይ አገኘነው። ከሰላምታው ቀጥሎ የጠየቀን ስለ ምንጩ ነው፤ «የላይኛው ቦኖ አሁንም ያንጠባጥባል?» አለን። ስለ ምን እንደሄደ ስንጠይቀው እንዲህ ሲል መለሰልን፦ «ሲበላሽ ትጠሩኛላችሁ፤ ሲሠራ ግን የሚያስታውሰኝ የለም። ዘንድሮም ቧንቧ ጠጋኝ ነኝ፤ የዛሬ አሥር ዓመትም ቧንቧ ጠጋኝ ነኝ። እዚህ ግን ብረት አሳሪ ሆኜ ገብቼ፣ ዘንድሮ የሦስት ሰዎች ኃላፊ ሆኛለሁ።» ስለ ገንዘብ ያነሣው በመጨረሻ ነው። ያን ቀን፣ የከዳው እርሱ ሳይሆን የሥራው አቀራረጽ መሆኑን ተረዳን።

እንዲህ ያለው ነገር በዚህች አገር የመጀመሪያው አይደለም። ከዚህ ከደብረ ታቦር ወጣ ስንል ጋፋትን እናገኛለን። ዐፄ ቴዎድሮስ የአገራቸውን የመሣሪያ ፋብሪካ ለማቋቋም የመረጧት ስፍራ ናት። በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው የክሪሾና ትምህርት ቤት፣ በኢየሩሳሌም በነበረው የፕሮቴስታንት ጳጳስ በሳሙኤል ጎባት አማካይነት የመጡት እነ ዋልድማየርና ሳልሙለር፣ ከእነርሱም ጋር ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልና ሌሎች አውሮፓውያን በጋፋት ተቀምጠው ይሠሩ ነበር። መድፍ መሥራት አናውቅም ብለው ቢያመለክቱም ንጉሡ አልተቀበሏቸውም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ እንደገና ተሞከረ፤ በመጨረሻም ተሳካ። የዚህ ድካም ፍጻሜ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው። ክብደቱ ወደ ሰባት ቶን ይጠጋል፤ በእኛ ቋንቋ ሰባ ኩንታል ማለት ነው። በ1860 ዓ.ም. ክረምቱ እንዳለፈ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ ገደል እየተደለደለለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራዊታቸው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በጊዜው የነበሩ የውጭ ሰዎች ጽፈዋል።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በመቅደላ ዐረፉ። አውሮፓውያኑ ሠራተኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ። መድፉ በመቅደላ አምባ ቀረ፤ የጋፋት እቶንም ዳግመኛ አልነደደም።

ጋፋት ሥራዋ የተቋረጠው በጦርነቱ ነው ቢባል እውነት ነው፤ የዘመኑንም መከራ ማቃለል አይገባንም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። በዚያ ስፍራ ወናፍ የነፉ፣ ከሰል ያከሰሉ፣ ቅርጽ ያበጁ፣ የቀለጠ ብረት ያፈሰሱ ብዙ የአገራችን ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ከወናፍ ወደ እቶን፣ ከእቶን ወደ ቅርጽ፣ ከቅርጽም ወደ መምህርነት የሚወጡበት መሰላል ተዘርግቶላቸው ቢሆን፣ ጥበቡ ከአውሮፓውያኑ ጋር ተጭኖ ይሄድ ነበርን? ሥራው በትእዛዝ የተያያዘ ስለ ነበረ፣ አዛዡ ሲያልፍ ተበተነ። የውጭዎቹን ስም ዛሬም እንጠራለን፤ ወናፉን የነፋውን የፋርጣ ሰው ስም ግን የሚጠራ አልገጠመንም። ዛሬ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂው ኢንስቲትዩት በጋፋት ስም መጠራቱ መልካም መታሰቢያ ነው፤ ትምህርቱንም ካልዘነጋነው።

እንግዲህ በአንጻሩ ሌላ ቤት እንመልከት፤ እርሱም የራሳችን ቤት ነው።

በዚሁ በደቡብ ጎንደር ምድር ቤተልሔም የድጓ ምስክር የሚገኝባት ናት። ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ቤት ናት። ደብረ ታቦርም በታች ቤት አቋቋም የታወቀች ናት። እነዚህ ጉባኤያት ንጉሥ ቢሞት፣ ጦር ቢመጣ፣ ረኃብ ቢወርድ ጨርሰው አልጠፉም። ለምን? ብራናና መቋሚያ ስላላቸው ብቻ አይደለም። ሥራው ራሱ ሰውን እያሳደገ ስለ ተቀረጸ ነው። ከፊደል ወደ ንባብ፣ ከንባብ ወደ ዳዊት፣ ከዚያ ወደ ዜማ ይሻገራል። በቅኔ ቤት ተማሪው በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እያደገ እስከ መወድስ ይደርሳል። ከፍ ያለው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ያግዛል፤ መምህሩ ቢታመሙ እንኳ ጉባኤው አይታጠፍም። በመጨረሻም ምስክር ይቀበላል፤ ስሙም በአገሩ ይታወቃል። አንድ መሪጌታ የምንጩን ታሪክ ስናጫውታቸው በአጭሩ እንዲህ አሉን፦ «በእኛ ቤት ተማሪ ዘንድሮ ከነበረበት ከርሞ አይገኝም። እናንተ ያን ልጅ በፊደል ቤት አስቀምጣችሁ፣ ለምን ሄደ ትላላችሁ።»

ቅዱሳት መጻሕፍትም ይህንኑ ያስተምሩናል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 35 ባስልኤል ለደብተራ ኦሪት ሥራ በስሙ ተጠርቶ ጥበብ እንደ ተሰጠው እናነባለን። በዚያ ግን አያበቃም፤ ለእርሱና ለኤልያብ ሌሎችን የማስተማር ጸጋ ጭምር እንደ ተሰጣቸው ተጽፏል። የማያስተምር ባለሙያ ግማሽ ባለሙያ ነው ማለት ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ደግሞ እኛ ዲያቆናት ደጋግመን ልናነበው ይገባል። የመበለቶች ማዕድ በተጓደለ ጊዜ ሐዋርያት «ጊዜ ያለው ሰው ይርዳ» አላሉም። የሰዎቹን ቁጥር ወሰኑ፤ የሚፈለግባቸውን ጠባይ ዘረዘሩ፤ ሥራውን ለይተው ሰጡ፤ የእነርሱን ድርሻ ከዲያቆናቱ ድርሻ ለዩ፤ በሕዝብ ፊትም እጃቸውን ጫኑባቸው። ከሰባቱ አንዱ ፊልጶስ በማዕድ አገልግሎት ጀምሮ ወደ ወንጌል ሰባኪነት አደገ፤ የእኛንም የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ያጠመቀው እርሱ ነው። በማዕዱ ላይ ብቻ ታስሮ ቢቀር ኖሮ በጋዛ መንገድ ማን ይገኝ ነበር?

የዘመኑ ሊቃውንትም ከዚህ የራቀ ነገር አልተናገሩም። እ.ኤ.አ. በ1911 አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር ሥራን በየጥቃቅኑ ከፋፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንዲቱን ብቻ መስጠት ምርትን እንደሚያበዛ የሚያስተምር መጽሐፍ አወጣ። ፋብሪካዎች በዚህ መንገድ ብዙ አመረቱ፤ ሠራተኛው ግን ተሰላቸ፣ ሥራውንም እየጣለ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሪቻርድ ሃክማንና ግሬግ ኦልድሃም የተባሉ ሁለት ምሁራን፣ አንድ ሥራ ሰውን የሚያተጋው አምስት ነገሮች ሲኖሩት እንደ ሆነ አሳዩ። እኛ እነዚህን አምስት ነገሮች በምንጩ ጠባቂ ላይ ለክተናቸዋል።

አንደኛው፣ ሥራው ልዩ ልዩ ችሎታ ይጠይቃልን? የእኛ ጠባቂ የሚያውቀው መፍቻ ማዞር ብቻ ነበር። የውኃውን መጠን መለካት፣ ማጠራቀሚያውን አጥቦ በክሎሪን ማከም፣ የመስመሩን ካርታ መሳል ሊማር ይችል ነበር። ሁለተኛው፣ ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእርሱ ነውን? ከምንጩ ዐይን እስከ መጨረሻው ቦኖ ያለው ሁሉ በእጁ ቢሆን፣ «ይህ የእኔ ነው» ለማለት በቻለ ነበር። ሦስተኛው፣ ሥራው ለሰው ምን እንደሚጠቅም ያያልን? በአጥቢያው ስንት እናቶች ከሩቅ ጉዞ እንደ ዳኑ ማንም ቆጥሮ አልነገረውም። አራተኛው፣ የመወሰን ነጻነት አለውን? አንዲት ጎሚኒ ለመግዛት እንኳ ሦስት ፊርማ ያስፈልገው ነበር። አምስተኛው፣ የሥራውን ውጤት ያውቃልን? የሚሰማው ወቀሳ ብቻ ነበር። በአምስቱም ጎደልን። እንግዲህ የሚያስደንቀው በሦስተኛው ዓመት መሄዱ ሳይሆን ሦስት ዓመት መቆየቱ ነው።

አንድ ሌላ ስሕተት ደግሞ አለ፤ ይህኛው ከበጎ ሐሳብ የሚመጣ ነው። ባለሙያን ማክበር ስንፈልግ ከሙያው እናወጣዋለን። የእጅ ፓምፕ ድምፁን ሰምቶ ሕመሙን የሚያውቅ አንድ መካኒክ እናውቃለን። ጎበዝ ነው ተብሎ አስተባባሪ ሆነ፤ ጠረጴዛ ተሰጠው። አሁን ቀኑን ሙሉ ሪፖርት ይሞላል፤ ሪፖርቱም ያስቸግረዋል። ፓምፖቹ ሐኪማቸውን አጡ፤ ቢሮውም ጥሩ ጸሓፊ አላገኘም። በምህንድስና ሥራ አመራር ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ሁለት መሰላል ማቆም ነው። አንደኛው ወደ አስተዳዳሪነት፣ ሁለተኛው ወደ ጥልቅ ባለሙያነት ያወጣል፤ በክብርም በክፍያም እኩል ይሆናሉ። ይህ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ ነገር አይደለም። የድጓ መምህሩን ለማክበር ስንል የደብር አስተዳዳሪ እናደርጋቸዋለንን? አንዳንድ ጊዜ አድርገነዋል፤ ጉባኤውም ተፈትቷል። መምህሩ በወንበራቸው ላይ ሳሉ ከአስተዳዳሪው ባልተናነሰ መከበራቸው ነው ጉባኤውን ያቆየው።

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ካህናትን፣ ምእመናንንና ወጣቶችን በአንድ ሰበካ ጉባኤ አሰባስቦ የአጥቢያን አስተዳደር በእጃችሁ አኑሯል። ስለዚህ የሚከተሉትን አራት ነገሮች ለመወሰን ማንንም መጠበቅ አያስፈልጋችሁም።

የመጀመሪያው፣ የሥራ መዘርዝሩን በአንድ ገጽ መጻፍ ነው። ሠራተኛው በየቀኑ፣ በየሳምንቱና በየወሩ ምን እንደሚሠራ፣ ያለ ፊርማ እስከ ስንት ብር ማውጣት እንደሚችል፣ ለማን እንደሚናገር ይገለጽ። ገጹም በጉባኤ ፊት ይነበብ። ሐዋርያት እጃቸውን በሕዝብ ፊት እንደ ጫኑ፣ እናንተም ይህን ሰው በእሑድ ቅዳሴ ማግሥት ሳይሆን በዕለቱ፣ ሕዝቡ ሳይበተን አስተዋውቁት፤ መርቁትም።

ሁለተኛው፣ አንድን ሥራ ለአንድ ሰው ብቻ አለመስጠት ነው። ዋናው ጠባቂና ረዳቱ ይኑሩ። የዋናው ግዴታ መጠገን ብቻ ሳይሆን ረዳቱን አስነጋሪ ማድረስ ይሁን። ረዳቱንም ከእኅቶቻችን መካከል እንድትመርጡ እንለምናለን። ውኃ ሲቋረጥ ቀድማ የምታውቀው፣ ቧንቧውም ሲስተካከል ቀድማ የምታርፈው እርሷ ናትና።

ሦስተኛው፣ ደረጃን ስም ሰጥቶ መሥራት ነው። በአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በየደረጃው የተዘረጋ መሰላል አለ፤ የሙያ ብቃት ምዘና የወሰደ ሰው የምስክር ወረቀቱን ይዞ የትም ሊሠራ ይችላል። አጥቢያው ከወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤትና ከአቅራቢያው ኮሌጅ ጋር ተነጋግሮ፣ ጠባቂው በየጊዜው አንድ ደረጃ እንዲወጣ ያድርግ። ከፍ ሲልም የሥራው ስፋት አብሮት ይስፋ፤ በመጀመሪያ የአንድ ምንጭ፣ ቀጥሎ የሦስት አጥቢያዎች ምንጮች ጠባቂ፣ ከዚያም የሌሎች አሠልጣኝ ይሁን።

አራተኛው ክፍያ ነው። ሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋልና። ብር በሌለበት ቁና እህል አለ፤ ከእያንዳንዱ ቤት ጥቂት ጥቂት ሲሰበሰብ አንድ ሰው ያቆማል። ክፍያው ሲበላሽ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ግን፣ ጠባቂው መበላሸቱን እንዲመኝ እያደረግነው ነው። ውኃው ሳይቋረጥ ለሰነበተበት ወር ክፈሉት።

በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንደምታነሡ እናውቃለን፤ በየደረስንበትም ይነሣል። «አሠልጥነን፣ ምስክር ሰጥተን፣ ትልቅ ሰው ስናደርገው ጥሎን ቢሄድስ?» እውነት ነው፣ ሊሄድ ይችላል። እኛም ይህን ሥጋት በቃል ብቻ ልናስወግድላችሁ አንችልም። ግን ሁለት ነገር እንመልሳለን። የእኛ ወጣት ሳናሳድገውም ሄዷል። ደግሞም ከቤተልሔም ተምሮ የወጣ ሁሉ በቤተልሔም አልቀረም፤ በየአገሩ ወንበር ዘረጋ እንጂ፤ ጉባኤው ግን አልተፈታም፤ ተተኪ አስቀምጦ ሄዷልና። ልንፈራው የሚገባን የሰው መሄድ ሳይሆን፣ ሲሄድ እውቀቱን ይዞብን መሄዱ ነው።

ያቺ አጥቢያ ዛሬ በምን ላይ እንዳለች ነግረናችሁ እንፈጽማለን። ወጣቱ ተመልሶ አልሰፈረም፤ በባሕር ዳር ሥራውን ይዟል። ነገር ግን ባለፈው የደብረ ታቦር በዓል ዘመዶቹን ሊጠይቅ በመጣ ጊዜ ኮሚቴው ጠራው። ሽማግሌዎቹም «ከዳን ያልነው እኛ ተሳስተን ነው» ብለው ይቅርታ ጠየቁት። እርሱም አራት ቀን ተቀምጦ ለሁለት ልጆች መስመሩን ከምንጩ ዐይን ጀምሮ እየዞረ አሳያቸው። አንዷ ውኃ በመቅዳት ያደገች ልጅ ናት። አሁን የላይኛው ቦኖ አያንጠባጥብም። አንደኛው ቦኖ ገና አልተጠገነም፤ ካርታውም ተስሎ አላለቀም። ሆኖም የመስመሩ መዝገብ በልጅቷ እጅ ነው፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይም ያስተማራት ሰው ስም ተጽፏል። የጋፋትን ሰዎች ስም ለመጻፍ አልደረስንም፤ የእነዚህን ግን ልንጽፍ እንችላለን።

አባቶቻችን ሆይ፣ ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ ስለ ግንባታው ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ጠባቂው ጠይቁ፦ ስሙ ማን ነው? ዘንድሮ ምን ተማረ? ለማንስ አስተማረ?

ሥራችንን በቸርነቱ ያጽናልን፤ የሠራተኛውንም ድካም ይቍጠርልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።